ሰላም ሳትል ያለፈችው

ጨዋው የሞተው ሰላምታ ሲሰጥ ነው።

ይህን ያልሰማ በሰፈሩ የለም፤ ለቅሶ የመጣው ሁሉ እየተቀባበለ ሲያወራው ነበርና። «እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ እጅ እየነሳ» ይላል አንዱ። «አስተዳደግ ማለት እንዲህ ነው፤ የዘንድሮ ልጅ እንኳን ሊጎነበስ ቀና ብሎም አያይህ» ይላል ሌላው። ለማጽናናት ብለው ነው፣ ክፋት የለባቸውም። ግን አፉ ሲከፈት ጭንቅላቱ የሚዘጋበት ሰው ለቅሶ ቤት አይጠፋም። አባትየው ጥግ ይዞ፣ ጋቢው ውስጥ ተኮራምቶ፣ እያንዳንዷን ምስጋና እንደ ድንጋይ ውርወራ ሲቀበላት ልብ ያለው አልነበረም። ከምላጭ በቀር።

ምላጭ የሟች እህት ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ራሱ ወንድሟ ነው፤ ገና ጥርሷን እየቀየረች ሳለ አንዲት ወፍራም ጎረቤት «ይቺ ልጅ ምን ያለች ቀጫጫ ናት?» ስትል «የእኔን ድርሻ እርስዎ በልተውብኝ ነው» ብላ የመለሰችላት ቀን። እሱን ደግሞ «ጨዋው» ያለችው እሷ ናት፣ ስድብ አስመስላ። ለመብራት እንጨት ሳይቀር ጎንበስ የሚል ልጅ ነበር። እሷ አላፊ አግዳሚውን በዓይኗ ስትገላምጥ፣ እሱ ከኋላ ከኋላዋ እየሄደ ይቅርታ ይለቅምላታል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንጂ አንድ ማኅፀን አፈራቸው ብሎ የሚያምን አልነበረም።

አባታቸው ሞተር ሳይክል መንዳት አስተማሪ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ መሬቱ ጠጠር የለበሰ፣ በግማሽ በተቀበሩ አሮጌ ጎማዎች መስመር የወጣለት፣ ባንድ ጥግ የቆርቆሮ መጠለያ፣ ከመጠለያው ሥር ገላቸው የተላላጠ የመማሪያ ሞተሮች። የብረት በሩ የሚከፈተው ዋናው መንገድ እጥፍ የሚልበት ኩርባ ላይ ነው። ከመንገዱ ማዶ የብሎኬት ማምረቻ አለ፤ ገልባጭ መኪናዎች ቀኑን ሙሉ አሸዋ ይዘው ይገባሉ፣ ባዷቸውን ወደ ኋላ እየሄዱ ይወጣሉ።

የሰውዬው የማስተማር ዘዴ ሌላ ቦታ አይገኝም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ሞተር አያስነካውም። ጎማ ላይ ያስቀምጠውና እጅጌውን ይሰበስባል። «ይሄ ምንድን ነው?» ይለዋል፣ ክርኑ ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳየ።

«ጠባሳ ነው፣ ጋሼ።»

«አይደለም። አሸዋ ነው። አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን የያዘ ሰው እንዲህ ይጻፍበታል።» ቀጥሎ አንገትጌውን ይገልጥና የተጣመመ የትከሻ አጥንቱን ያስነካዋል፤ እሱ ደግሞ ሳያይ የተከፈተ የመኪና በር ነው። ጉልበቱ ዝናብ ነው፤ ደመና ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። አገጩ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ግን ሴት ናት። «ሄልሜት ፀጉሬን ያበላሽብኛል ብዬ ላንዷ ቆንጆ ስል ያወለቅኩ ቀን ነው» ይልና፣ ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ «ያቺ ቆንጆ እኔ ነኝ፤ ፀጉሩም ያኔውኑ ሊያልቅ ደርሶ ነበር» እስክትል ይጠብቃል። ተማሪዎች ይህን ለመስማት ብቻ ደግመው የሚመጡ ነበሩ።

ከገላው ላይ ያልተጻፈ አንድ ትምህርት ነበረው፤ የሁሉ አለቃም እሱ ነው። ሞተር ዓይንን ይከተላል። «ጉድጓዱን ካየኸው ጉድጓዱ ውስጥ ነህ። ግንቡን ካየኸው ከግንቡ ጋር ትጋባለህ። መውጫህን እይ።» ይህን ጧትና ማታ ይደጋግመዋል።

ቤቱ ሲገባ ደግሞ ለልጆቹ ሌላ ትምህርት ነበረው። «ሰውን ሰላም ሳትሉ አትለፉ። ሰላምታ የእግዜር ነው፤ የሚነፍገው አሳዳጊ የበደለው ብቻ ነው።»

ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ቤት እየኖሩ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ተገናኙ።

ጨዋው ከየጤና ጣቢያው የደም ናሙና እየሰበሰበ በሞተር ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊዋን ሳጥን ከኋላ አስሮ በዚያ ኩርባ ያልፋል። አባቱ በዚያ ሰዓት የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል፤ ልጁ ብቅ ሲል ብርጭቆውን ከፍ ያደርጋል። ልጁም ግራ እጁን ከመሪው ለቀቅ አድርጎ ደረቱ ላይ ያኖርና አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲባባሉ ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ምንም የማይሆን ይመስላል። የዚያን ዕለት ገልባጩ ወደ ኋላ ሲወጣ የልጁ እጅ ደረቱ ላይ ነበር፤ ዓይኑም አባቱ ላይ።

ከዚያ ወዲያ በሩ ለሞተር አልተከፈተም። አባትየው ሻይ ሲጠጣ ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል። ተማሪዎቹን በግቢው ውስጥ ያዞራቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ ወደ መንገድ ግን አያወጣቸውም። ባህሉ ደግሞ የታወቀ ነበር፤ ከእሱ ዘንድ የተማረ ሰው ሞተረኛ የሚባለው እሱ በገዛ እጁ በሩን ከፍቶ «ውጣ» ሲለው ነው። «ውጣ» መባል ቀረ። ተማሪው አንድ በአንድ ተበተነ። በመጨረሻ የቀረው አንድ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው፤ እሱም ስለሚያዝንለት ነው እንጂ መንዳቱን ተስፋ ከቆረጠ ቆይቷል።

ምላጭን ሞተር ያስተማራት የለም። ጎማ ስታስተካክል፣ ሰንሰለት ስትቀባ፣ አባቷ ለሌላው የሚለውን በጆሮዋ እየሰረቀች ነው ያደገችው። ወንድሟ ነዳጁን እየሞላ ሞተሩን «ረስቶት» ይሄድላት ነበር። አሁን ግን የላቦራቶሪዋ ኃላፊ መልእክት ላከች፤ የወንድምሽ ቦታ እንደተከፈተ ነው፣ ከቻልሽ ነይ የሚል። ምላጭ አባቷን መጠለያው ሥር አገኘችው።

«አባዬ፣ በሩን ክፈትልኝ።»

«በሩ ምን አረገሽ?»

«የወንድሜን ሳጥን ልይዝ ነው። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ እሺ ብላለች።»

«እኔ እሺ አላልኩም።»

«አንተን ነዋ የምለምነው።»

«መለመን ደግሞ ከመቼ ጀመርሽ?»

«ከዛሬ። እንዳትለምደው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። የያዘውን ጨርቅ እጥፍ ዘርጋ አደረገው። «በዚህ በር አንድ ልጅ አስወጥቻለሁ» አለ። «ይበቃኛል።»

ተደብቃ ብትወጣ የሚይዛት አልነበረም። የራሷ መንጃ ፈቃድም በእጇ ነበር። ግን ምላጭ የሰረቀችውን ትምህርት በሕጋዊ መንገድ የራሷ ማድረግ ፈልጋለች። ከዚያም በላይ አባቷን አይታዋለች። ያ ሰው ከተዘጋው በር ጀርባ እየሞተ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያስቸግር፣ እንደ ጨዋ ሰው። በሩን ካልከፈተ ሁለተኛ ለቅሶ መቀመጣቸው እንደማይቀር ከእናቷም ከእሷም የተሰወረ አልነበረም። የተናገረው የለም እንጂ።

«እኔ እንደ እሱ አይደለሁም» አለችው። «ሰላም የምለው ሰው የለኝም። ሰፈሩን ጠይቅ። ባንተ ሰላምታ የሚሞት ልጅ አንድ ነበረ፣ እሱ ሄደ። እኔ ባለጌዋ ነኝ።»

 አባቷ ተነሳና ከግቢው መሀል አንድ ጎማ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። «እስቲ ዙሪ» አለ።

ዞረች። አንዴ፣ ደግማ። መታጠፊያው ላይ ትከሻዋን ጥላ፣ ዓይኗን መውጫዋ ላይ ተክላ፣ እንከን የለሽ። ስታልፈው፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ደህና አደርሽ፣ የኔ ልጅ» አላት።

አንገቷ ዞረ። ልቧ ሳያውቅ፣ አንገቷ ብቻውን።

«ሞተሻል» አለ አባቷ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ። ሞተሩን አቁማ ቆመች፤ ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ። ለሰፈር ሙሉ ሰው ጀርባዋን የምትሰጥ ልጅ፣ ለአባቷ ሰላምታ አንገቷን መያዝ አቃታት። ኩራቷ የቆመበት እግር ይኸው ነበር፤ እሱም ተነቀለ።

ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። በዓለም ላይ ልጁን ባለጌ እንድትሆን የሚያሠለጥን አባት ካለ እሱ ነበር። ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሳ «ደህና አደርሽ?» ይላታል፤ እሷ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ማለፍ አለባት። ምሳ ላይ «እንዴት ዋልሽ?» ሲላት ውኃ ትቀዳለች። ዳቦ ጋጋሪውም ተቀጠረ፤ እሷ ስትዞር ከጎማዎቹ መሀል እየወጣ እጅ ይነሳታል። እሱን ማለፍ ቀላል ነበር። አልፋው ስትሄድ ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ቀረ።

«ጋሼ» አለ፣ «ልምምድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እውነት እውነት ነው የከፋኝ።»

«ጎበዝ» አለው አባትየው። «ከከፋህ በትክክል ሠርታዋለች ማለት ነው።»

እናቲቱ ሁሉንም በመስኮት ታያለች። አንድ ቀን ምላጭ ያባቷን «ደህና አደርሽ» ደረቅ ብላ አልፋ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ እናቷ የሽንኩርት ቢላዋውን አስቀምጣ አየቻት። «ጡት አጥብቼ ያስተማርኩሽን ሰላምታ በሽማግሌ ጉልበቱ ሊያስጥልሽ ነው» አለች። «ይሁን። አንቺን ካተረፈልኝ እኔንም አትሰላሚኝ።» ቢላዋውን አነሳች። ሽንኩርቱ ለዓይኗ ሰበብ ሆናት።

ከርመው ከርመው ያባቷ ድምፅ እንደ ነፋስ በጆሮዋ ያልፍ ጀመር። «ደህና አደርሽ» ቢላት፣ «እናትሽ አሟታል» ቢላት፣ ጎማ ቢያንከባልል፣ ዓይኗ ከመውጫዋ ንቅንቅ አይልም። ምላጭ ተመልሳ ምላጭ ሆነች። «እንግዲህ በሩን» ልትለው ለመጨረሻው ዙር ትከሻዋን ጣል ስታደርግ፣ ፉጨት ሰማች።

ጨዋው ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ የሚያፏጫት ፉጨት ነበር። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ «ምላጭዬ፣ ክፈችልኝ» ማለት ነው። ከእሷና ከእሱ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስላትም ነበር።

አንገቷ ብቻ አልነበረም የዞረው፣ መላ አካሏ ነው። እጇም የፊት ፍሬኑን ጭምድድ አደረገ። ሞተሩ ጠጠሩ ላይ ከሥሯ ተንሸራቶ ሄደ፤ እሷ በክርኗ መሬት ወርዳ፣ አቧራ ውስጥ ተጋድማ፣ አሁንም ዓይኗ ወደ በሩ ነበር። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ያፏጨው አባቷ ነው።

አባቷ ጉልበቱን ረስቶ እየሮጠ መጣ። ሄልሜቷን ሊያወልቅላት እጁን ሲሰድ ገፈተረችው።

«በሙት አይቀለድም» አለች።  «እኔን በፈለግኸው ፈትነኝ። በእሱ ግን አትፈትነኝ። ምን አረግኩህ?»

«አልቀለድኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አባቷ ከጎኗ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። «አንቺን የሚጠራሽ እኔ መስዬሻለሁ?» አለ። «እኔማ ሽማግሌ ነኝ፤ ዛሬ ብጠራሽ ነገ የለሁም። እዚያ ኩርባ ላይ የሚጠራሽ እሱ ነው። የወደቀባትን ቦታ ታውቂያታለሽ። አስፋልቱ እንኳ ቀለሙ የተለየ ይመስልሻል። ባለፍሽ ቁጥር ዓይንሽ እዚያች ላይ ልውረድ ይልሻል፤ ከወረደ ሞተሩም ይከተላል። እኔ እኮ በሩን የዘጋሁት መንገዱን ፈርቼ አይደለም። ዓይኔን ፈርቼ ነው። የት ላሳርፈው?»

  ምላጭ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሄልሜቷን ሳታወልቅ፣ ድምፅዋ ውስጡ እያስተጋባ። አባቷ አላባበላትም። የወደቀውን ሞተር ቁልፍ ዘግቶ ተመልሶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

እናቷ ቁስሉን በሳሙና ስታጥብላት አባቷ ጎንበስ ብሎ ክርኗን አየ። የጠጠሩ ጥርስ ከአጥንቷ በላይ ያለውን ቆዳ ልጦታል። ለስንት ተማሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ምላጭ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ፉጨት ነው» አለች።

እናቲቱ ነገሩ አልገባትም። ባሏ ዞር ብሎ ወደ ጓዳ ሲገባ ግን ትከሻው በለቅሶ ሲነቃነቅ አይታ ማጠቧን ቀጠለች።

ቁስሉ እስኪደርቅ ታግሰው እንደገና ጀመሩ። እያፏጨ፣ እየዞረች። ስንቴ «ሞተሻል» እንዳላት ሁለቱም መቁጠር አልፈለጉም። አንዳንድ ቀን ፉጨቱ መሀል ላይ ይሰበርበታል፤ ከንፈሩ እንደ ሕፃን ከንፈር ይጣመምና ትንፋሹ ብቻ ይወጣል። ያን ጊዜ እሷ የተሰበረውን ፉጨት በሆዷ እየጨረሰችለት፣ ዓይኗን መውጫዋ ላይ እንደ ሚስማር መትታ ታልፋለች። አንድ ጠዋት ፉጨቱ ሙሉ ነበር፣ አጠር አጠር ረዘም፣ ልክ እንደ ጨዋው። አለፈች። ዞራ ስትመጣም አለፈች። አባቷ ከጎማው ላይ ተነስቶ ቤት ገባና ዘይት ይዞ ተመለሰ። የበሩን ማጠፊያ ቀባው።

በማግስቱ ሳጥኗን ከኋላ አሰረች። የወንድሟ ሰማያዊ ሳጥን ነው፤ የላቦራቶሪው ሰዎች ጠግነውት አንዱ ጎኑ ብቻ ጎድጉዶ ቀርቷል። እናቷ ሻይ ቀድታ ብርጭቆውን ለባሏ ያዘችለት። ተቀበላት። ወደ በሩ ሲሄድ እግሩ ሁለቴ ቆመ፤ ሁለቴም ተነስቶ ሄደ። ብረቱ ሲከፈት የመንገዱ ድምፅ ባንዴ ገባ።

«ውጪ» አላት።

ወጣች። በላይኛው መንገድ ዞራ ጤና ጣቢያዎቹ ጋ ናሙናዋን ተቀብላ ወደዚያች ኩርባ መጣች። ከብሎኬቱ ማምረቻ በር ላይ አንድ ገልባጭ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጎ ቆሟል። ነዳጁን ቀነሰች። በግራዋ ጠርዝ፣ ከዓይኗ ውጪ፣ በሩ ላይ አንድ ሰው ነበር። የሰውየው እጅ ከፍ ሲል አየችው ለማለት አይቻልም፤ አወቀችው እንጂ። በቀኝዋ ደግሞ ያቺ የአስፋልት ቁራጭ ነበረች። ሁለቱም ጠሯት። አንደኛው ደህና አደርሽ አላት፣ ሌላኛው አፏጨላት።

ምላጭ መውጫዋን አየች። መንገዱ እጥፍ ብሎ የሚያልቅበትን፣ የግንቡን ጫፍ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ባዶ ሰማይ። እንባዋ ሄልሜቱ ውስጥ ወረደ፤ እጇን ከመሪው አላነሳችለትም። ሰላም ሳትል አለፈች።

ማምሻውን ስትመለስ አባቷ በሩ ላይ የለም። ከግቢው መሀል ጎማው ላይ ተቀምጧል፤ የጠዋቱ ብርጭቆ ከጎኑ ነው፣ ሻዩ ሳይጠጣ ቆዳ አውጥቷል። ሞተሩን አቆመች፣ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

«ዛሬ ጠዋት» አለ፣ ለእሷም ለማንም እንዳልሆነ አድርጎ፣ «አንዲት ልጅ በደጄ አለፈች። እጄን አነሳሁላት። ዞር ብላም አላየችኝ።»

«ምን ያለችዋ ባለጌ ናት?»

«እንጃ። አሳዳጊ የበደላት ሳትሆን አትቀርም።»

«አሳዳጊዋን አውቀዋለሁ» አለች ምላጭ። «ደግ ሰው ነው። ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ የገባው።»

ካለችው በኋላ ነው የሰማችው። ቃል እንደ ምላስ ተመልሶ አይገባም። አባቷ ግን አልተቆጣም። ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

«ዘገየ» አለ። «ዘገየ፣ ልጄ። ወንድምሽንም እንዲህ ባለጌ አድርጌ አሳድጌው ቢሆን ኖሮ፣ ይሄኔ በሩ ላይ ያፏጭልሽ ነበር።»

ምላጭ ጓንቷን ጠጠሩ ላይ ጣለችው። ሄዳ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች፤ ጠባሳ ያለበት ክርኗ ጉልበቱ ላይ ዐረፈ፣ ያ ዝናብ የሚያውቀው ጉልበት ላይ። ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ ይዛው የዋለችውን፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል፣ አሁን የትም የምትሄድበት መንገድ ስለሌለ ቀስ ብላ አወጣችው።

«ደህና አደርክ፣ አባዬ» አለችው። ፀሐይ ከግንቡ ወዲያ እየጠለቀች ነበር።

 አባቷ ግራ እጁን አነሳ፣ ደረቱ ላይ አኖረ፣ አንገቱን ደፋ አደረገ፤ ልክ ልጁ እንደሚያደርገው። እንደተደፋም ቆየ።